በሳሎናችን ቴሌቪዥን ያየናት ድንቢጥ

ነገሩ የተጀመረው በቆጣሪ አንባቢው ነው። ሐረር ያለው ቤታችን በረንዳ ላይ የመብራት ቆጣሪው በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል። የሳጥኑ መስታወት ከተሰበረ ዓመታት አልፈዋል፤ በዚያ ቀዳዳ ድንቢጦች እየገቡ በየዓመቱ ጎጆ ይሠሩበታል። ቆጣሪ አንባቢው በመጣ ቁጥር ሣሩን በጣቱ ገለጥ አድርጎ ቁጥሩን ይፈልጋል። አንድ ቀን ግን ትዕግሥቱ አለቀ።

«መምህር፣ ወይ ወፎቹ ይውጡ ወይ መብራቱ ይቆረጥ» አለኝ። «እኔ እንድጽፍ የታዘዝኩት የመብራት ቁጥር ነው። የእንቁላል ቁጥር ጻፍ ያለኝ የለም።»

ልክ ነበር። ጫጩቶቹ በርረው እስኪወጡ ጠበቅሁና ቀዳዳውን በወንፊት ሽቦ ደፈንኩት። ከዚያ በኋላ ሐሳብ ያዘኝ። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ሃያ ዓመት ያህል «አእዋፍ ጫጩቶቻቸውን ይመግባሉ» እያልኩ ሰሌዳ ላይ ጽፌአለሁ፤ ሲመግቡ ግን በቅርብ አይቼ አላውቅም። ከተሰበረ ቁምሳጥን አንድ መሳቢያ አወጣሁ፣ በጣውላ ከደንኩት፣ ፊት ለፊቱን በክብ ቀደድኩትና ከጓሮው አጥር ግንብ ላይ፣ ከዘይቱኑ ዛፍ ሥር ሰቀልኩት።

የመጀመሪያውን ዓመት ማንም አልገባበትም።

«ለወፍ ቤት ሠራህ» አሉኝ አማቴ። «የእኛ ኩሽና ጣራ ያፈሳል።»

ሁለቱም እውነት ነበር።

አማቴ ከጽዳት ሥራቸው ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ልጃቸውን ለመጠየቅ ሽማግሌ ከላክሁበት ዕለት አንስቶ «መምህር» ነው የሚሉኝ፤ በስሜ የጠሩኝን አንድም ቀን አላስታውስም። ብዙ አይናገሩም። ሲናገሩም አጭር ነው፣ ያን አጭሩን ግን ሰው ሳምንት ሙሉ ያስበዋል። ባላቸው የጦር ሠራዊት የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ በሶማሌው ጦርነት ጊዜ ወጥተው አልተመለሱም። አራት ልጆች ትተው ነው የሄዱት፤ ባለቤቴ የመጨረሻዋ ናት። አባቷን የምታውቃቸው ከቴሌቪዥኑ በላይ በተሰቀለው ፎቶ ብቻ ነው። እኔ ወደዚያ ቤት ከገባሁ ጊዜ ጀምሮ ስለዚያ ነገር የተነገረኝ ይህ ብቻ ነበር። ባለቤቴም ከዚህ የበለጠ አታውቅም ነበር። ጠይቃ ነበር። እናቷ «ኖርን እኮ» ብለው ዘግተውታል።

ካሜራው የመጣው በጊሽጣ ምክንያት ነው። የጓሯችን ጊሽጣ መብሰል ሲጀምር በየጠዋቱ ይጠፋ ነበር። አማቴ ጎረቤቶችን ተራ በተራ ጠረጠሩ፤ አንድ ሳምንት ደግሞ እኔን ጠረጠሩ። ድሬዳዋ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጠው የባለቤቴ ወንድም ይህን ሲሰማ የጥበቃ ካሜራ ይዞ መጣና ከዛፉ አጠገብ ተክሎ፣ ሽቦውን በመስኮት አስገብቶ ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘው። በሁለተኛው ቀን ሌባው ታየ። ከሐኪም ጋራ በኩል የሚመጣ ጦጣ ነበር። ቅርንጫፍ ላይ ተደላድሎ ተቀምጦ፣ ካሜራውን እያየ ነው የሚበላው። አማቴ ጎረቤቶቹን ይቅርታ አልጠየቁም፤ ፊት ለፊት አልከሰሷቸውምና። እኔን ግን ፊት ለፊት ከስሰውኝ ነበር። እኔንም አልጠየቁኝም።

ጦጣን መክሰስ ስለማይቻል ካሜራው ሥራ ፈታ። በዚያው ሰሞን ሁለት ድንቢጦች ወደ ሣጥኔ ሣር ማመላለስ ጀመሩ። ለጥቂት ጊዜ ራቅ ሲሉ ጠብቄ፣ መሰላል አቁሜ፣ ካሜራውን ከሣጥኑ ጣራ ሥር ቁልቁል እንዲያይ አድርጌ አሰርኩት። ወርጄ ሳሎን ስገባ ሣጥኑ ከውስጥ በቴሌቪዥኑ ላይ ይታያል። ጥቂት ሣር፣ አንድ የላስቲክ ቁራጭና የአማቴ የሹራብ ክር ነበረበት።

«የእኔን ክር» አሉ አማቴ።

ችግሩ ቴሌቪዥኑ አንድ መሆኑ ነው። አማቴ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ የውጭ ድራማ ይከታተሉ ነበር፤ ባለቤቴ ደግሞ ዜና ትፈልጋለች። ብዙ ከተለማመጥኩ በኋላ ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሰዓት ተፈቀደልኝ። በመጀመሪያው ቀን አማቴ አብረውኝ ተቀምጠው አዩና «ምንም አይናገሩም እኮ» ብለው ተነሡ። በአራተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ በድራማው ሰዓት፣ ብቻቸውን ወፎቹን ሲያዩ አገኘኋቸው።

«ድራማው አለቀ እንዴ?» አልኳቸው።

«አላለቀም።»

«ታዲያ?»

«ያ ሰውዬ ሚስቱን እንደከዳት እኔ ካወቅሁ ስድስት ወር ሆነኝ። እሷ እስካሁን አላወቀችም። ይደክማል» አሉ።

የእኛ አገር ድንቢጥ ወንዱና ሴቷ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም ግራጫ ራስ፣ ሁለቱም ቡናማ ክንፍ። ለመለየት አስቸጋሪ መሆኑን ለአማቴ አስረዳኋቸው።

«ምን ያስቸግራል» አሉ። «ያቺ የገባውን ሣር ደግማ ደግማ የምታስተካክለው ሴቷ ናት። ያ አምጥቶ ጥሎ የሚሄደው ወንዱ ነው።»

ሳይንሳዊ አይደለም አልኳቸው። እሳቸው ግን «ወንዱ» ያሉት ከጅራቱ አንድ ላባ የጎደለው ስለነበር ከዚያ በኋላ ሳንሳሳት እንለያቸው ነበር። ቆይቶም እንቁላሎቹ ላይ አብዝታ የምትቀመጠው ጅራቷ ሙሉ የሆነችው መሆኗን ስናይ አማቴ አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩኝና ተውኝ።

አራት እንቁላል ጣለች። አማቴ በየጠዋቱ ቁርስ ላይ ለባለቤቴ ሪፖርት ያቀርባሉ። «አራት ናቸው። ደኅና ናቸው። ወንዱ ዛሬ ዘግይቶ ነው የመጣው።» ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስቱ ተፈለፈሉ፤ አራተኛው እንደ ድንጋይ ቀረ። ጫጩቶቹ ላባ የላቸውም፣ ዓይናቸው ተጨፍኗል፤ ሁለመናቸው አፍ ነው። ሁለቱ ወፎች ተራ በተራ ትል እያመጡ ይወረውሩባቸዋል። ሃያ ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ትክክል መሆኑን ሳይ ቀለል አለኝ።

በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ለምሳ ቤት ስገባ ባለቤቴም ከሥራ መጥታ ነበር። አማቴ ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠግተው ተቀምጠዋል።

«ወንዱ ከጠዋት ጀምሮ አልመጣም» አሉኝ።

«ይመጣል» አልኳቸው። ሳላስብ ነው ያልኩት፤ እጄን እየታጠብኩ ነበር።

«እኔንም እንደሱ ነበር ያሉኝ» አሉ አማቴ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሡ።

ባለቤቴ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። እኔም ውኃውን ዘጋሁት። እሳቸው ግን ምሳ አልበሉም። እኔ ጓሮ ወጥቼ ፈለግሁ። አንድ ጭልፊት ለብዙ ቀን የመብራት ምሰሶው ላይ ሲቀመጥ አይቼው ነበር፤ እሱም አልነበረም። ላባ እንኳ አላገኘሁም። ወንዱ አልመጣም፣ በማግሥቱም አልመጣም።

ሴቷ ብቻዋን ትመላለስ ጀመር። ስትወጣ ጫጩቶቹ ይበርዳቸዋል፣ ስትቀመጥላቸው ይርባቸዋል። አማቴ አንድ ቀን ሙሉ ይህን ካዩ በኋላ ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። መስኮቱ ላይ ሆኜ ሳይ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ጎመን መካከል ጎንበስ ብለው ከየቅጠሉ ሥር ትል ይለቅማሉ። የለቀሙትን በቆርቆሮ ክዳን አድርገው አጥሩ ላይ አስቀመጡት።

«እማማ፣ መጽሐፉ እኮ የዱር ወፍ በሚፈለፍልበት ጊዜ ሰው ጣልቃ አይግባ ይላል» አልኳቸው።

«መጽሐፉ ስንት ልጅ አሳድጓል?»

ወፏ ሁለት ቀን ክዳኑን አልነካችውም። በሦስተኛው ቀን መጥታ ዳር ላይ ቆመች፣ ግራና ቀኝ አየች፣ አንድ ትል አንሥታ ገባች። አማቴ «እሰይ» አሉ፤ ቀስ ብለው ነው ያሉት፣ እኔ እንዳልሰማ።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ለሁለት ቀን ሰፈሩ በሙሉ መብራት አልነበረውም። አማቴ ትሉን ማስቀመጥ አላቋረጡም፤ ከዚያ ገብተው የጠፋ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ። መብራቱ ሲመጣ ከሦስቱ ጫጩቶች አንዷ ጥግ ላይ ተኝታለች፤ ሌሎቹ ሁለቱ ረግጠዋት አፋቸውን ይከፍታሉ።

ባለቤቴ «ሞታለች?» አለች።

«ሞታለች» አልኳት።

አማቴ ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ከዚያ፣ «መምህር፣ እሷ ሦስት ነበሯት፣ አንዷ ሞተች» አሉኝ። «እኔ አራት ነበሩኝ። አራቱም ኖሩ። እኔ ከእሷ በልጬ መሰለህ?»

እኔ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«እኔን ያበላኝ ሰው ነበር» አሉ።

የነገሩን ይህን ነው። ያን ጊዜ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ሸዋ በር አጠገብ፣ ከአንዲት የሐረሪ ሴት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ባላቸው ወደ ጅጅጋ በኩል ስንቅ ጭነው «ሐሙስ እመለሳለሁ» ብለው ወጡ። ሐሙስ አልተመለሱም። ጦርነቱ ወደ ከተማው ቀረበ፣ ገበያው ቆመ፣ ቤት ውስጥ ያለው እህል አለቀ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የአከራያቸው ልጅ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ፣ የተከደነ ሳህን ይዛ መጣች። «እናቴ ሥጋ የለበትም በያቸው ብላኛለች» አለች። ሙስሊም የባረከውን ሥጋ ክርስቲያን አይበላም፤ አከራያቸው ያን ጠንቅቀው ያውቃሉ። በማግሥቱም መጣች፣ በሦስተኛውም ቀን። ረቡዕና ዓርብ ወጡ ቅቤ አይኖረውም።

«ጾማችንን ከእኔ በላይ ያውቁት ነበር» አሉ አማቴ። «ቀን ጠፍቶብኝ ነበርና፣ የገና ጾም መግባቱን ያወቅሁት ከእሳቸው ሳህን ነው።»

ልጃገረዷ ሳህኑን ካስቀመጠች በኋላ ትንሿን ልጅ፣ ማለት ባለቤቴን፣ አዝላ ግቢውን ታዞራት ነበር። ይህ ከመስከረም እስከ ፋሲካ ቀጠለ። ከፋሲካ በኋላ መንገዱ ሲከፈት የባላቸው እህት ከሸዋ መጡ። ሳህኑን አዩ። «የወንድሜን ልጆች በእስላም እጅ አሳደግሻቸው?» አሉ። አማቴ መልስ አልሰጡም። በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤት የጽዳት ሥራ ተገኘላቸው፣ ከግንቡ ውጪም የቀበሌ ቤት ተሰጣቸው። አከራያቸው ሶፊ ወዳለው እርሻቸው በሄዱበት ቀን ዕቃቸውን በአህያ ጭነው ወጡ።

«ቁልፉን በሩ ላይ ተውኩት» አሉ። «ደኅና ሁኑ አላልኩም። እግዜር ይስጥልኝ አላልኩም። ምን ብዬ? እህቱ ልክ ናት ብዬ? ልክ አይደለችም ብዬ ለእህቱስ መች ተናገርኩ?»

«ከዚያ ወዲህ አላገኟቸውም?» አልኩ።

«ሁለት ጊዜ ከሩቅ አይቻቸዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ተመለስኩ።»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። አማቴ ወደ ጀጎል ገበያ ሲሄዱ ለእኛ ሰፈር የሚቀርበውን ሸዋ በርን ትተው ሌላ በር ዞረው ነበር የሚገቡት። እኔ ለእግራቸው ጤና መስሎኝ ነበር።

ሁለቱ ጫጩቶች ላባ አወጡ። ከሳምንት በላይ አማቴ ጎመኑን ባዶ እስኪያደርጉት ለቀሙ፤ የዚያን ዓመት ያለ ትል ጎመን በላን። አንድ ማለዳ አንደኛው ቀዳዳው ላይ ቆሞ ቆሞ ወጣ። ሁለተኛው እስከ ከሰዓት ሲያመነታ ዋለ። እናቱ ውጪ ዘይቱኑ ላይ ሆና ትጣራለች። ሲወጣ ካሜራው የሚያሳየው ባዶ ሣርና ያልተፈለፈለውን እንቁላል ብቻ ሆነ። አማቴ ሪሞቱን አንሥተው አጠፉት።

«ነገ ትምህርት አለህ?»

«ዝግ ነው።»

«እንግዲያው ጀጎል ትወስደኛለህ።»

በማግሥቱ ስኳርና ሙዝ ይዘን ሄድን። በሸዋ በር ነው የገባነው። አማቴ መንገዱን አልጠየቁም፤ ሁለት ጊዜ ወደ ግራ ታጠፉና አንድ በር ላይ ቆሙ። ካንኳኳሁ በኋላ «እንሂድ፣ የሉም» አሉኝ። ገና ማንም አልመለሰም ነበር። በሩን ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ከፈተችልን። አማቴ አይተዋት እጇን ያዙ። እሷም ማን እንደሆኑ ሳታውቅ አስገባችን።

እናትየው ቀይ ቀለም የተቀባው መደብ ላይ፣ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጣታቸው መቁጠሪያ ላይ ነው።

«ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ እትዬ። ተከራይዎ ነበርኩ። ከዚያች ክፍል» አሉ አማቴ።

ሴትየዋ በድምፃቸው ለዩአቸው። «የሾፌሩ ሚስት! ማሻአላህ! ልጆቹ አደጉ?»

«አራቱም አደጉ።»

«አልሐምዱሊላህ። እሱስ ደኅና ነው?»

አማቴ አልገባቸውም። «ማን?»

«ባልሽ ነዋ! መጥቶ ወሰዳችሁ አይደል?»

እኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሳህኖች ማየት ጀመርኩ።

«ከሶፊ ስመለስ ክፍሉ ባዶ ነው» አሉ አሮጊቷ እየሳቁ። «ልጄን፣ አየሽ፣ ባሏ መጣላት አልኳት። ደስታ ሰውን መሰናበት ያስረሳዋል አልኳት። ለሰፈሩ ሁሉ ተናገርኩ።»

«አልመጣም» አሉ አማቴ። «እስከ ዛሬም አልመጣም።»

መቁጠሪያው ቆመ። «ታዲያ ምን ወሰደሽ?»

አማቴ ነገሯቸው። የባላቸው እህት ያሉትን ቃል ሳያለዝቡ፣ እንዳለ ተናገሩት። እኔ ብሆን አለዝበው ነበር። አሮጊቷ ሰምተው ሲጨርሱ መቁጠሪያውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ሥጋ አላስገባሁበትም እኮ» አሉ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ እትዬ።»

«በጾም ቀንም ቅቤ አላስገባሁም።»

«አውቃለሁ። ያን ለእህቱ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።» ይህን ሲሉ አማቴ አለቀሱ። ወደዚያ ቤተሰብ ከገባሁ ጀምሮ ሲያለቅሱ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አልወሰዱም፤ ዝም ብለው ተቀምጠው አለቀሱ።

«ወላሂ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ባሏ መጣላት እያልኩ ደስ ብሎኝ ኖርኩ» አሉ አሮጊቷ። «አሁን መጥተሽ ታለቅሺብኛለሽ።» እጃቸውን ዘርግተው በዳበሳ የአማቴን ጉልበት አገኙና ያዙት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ዛሬ ምን ቀን ነው?» አሉ።

«ረቡዕ።»

«እንግዲያው ቅቤ እንዳታስገቢ።»

ምሳ እስኪደርስ አሮጊቷ ዛሬ ለመምጣት ምን እንዳነሣሣን ጠየቁ። አማቴ «ድንቢጥ» አሉ። ማስረዳቱ ለእኔ ተረፈ። ስለ ሣጥኑ፣ ስለ ካሜራው፣ ስለ ቴሌቪዥኑ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«ወፎቹ ላይ ካሜራ የገጠመው መንግሥት ነው?» አሉ።

«አይደለም፣ እኔ ነኝ።»

«ምን አጠፉብህ?»

ምስር ወጥ በላን። አማቴ ሁለቴ አስጨመሩ። ስንወጣ አሮጊቷ «በሚቀጥለው ስትመጪ ተናግረሽ ሂጂ» አሏቸው።

ቤት ስንደርስ አማቴ ሁሉንም ለባለቤቴ ነገሯት። እሷም በሚቀጥለው ረቡዕ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ አብራን ሄደች። በሩን የከፈተችው ያቺው ልጅ ናት፣ አሁን የልጅ ልጆች ያሏት። ባለቤቴን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«አንቺ ነሽ እንዴ ትንሿ? በጀርባዬ ነበር የማዝልሽ» አለቻት።

ባለቤቴ ምንም አታስታውስም።

«አሁን ግን ከብደሻል» አለቻት ሴትየዋ። «አልችልሽም።»

«አንቺም አርጅተሻል» አለች ባለቤቴ፣ እንባዋ እየወረደ። ሁለቱም በሩ ላይ ተያይዘው ሳቁ፤ እኔና አማቴ ለመግባት ቆመን ጠበቅናቸው።

አሮጊቷ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖሩ። ሲሞቱ አማቴ ከሐዘንተኞቹ ሴቶች ጋር ሦስቱንም ቀን ተቀመጡ። የአሮጊቷ ልጅና ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ አልተለያዩም። ረቡዕ ረቡዕ ባለቤቴና አማቴ ጀጎል ስለሚውሉ ለምሳ ቤት ስመጣ ማንንም አላገኝም፤ ድስቱ ላይ ያለውን ራሴ አሙቄ እበላለሁ።